የቀሪዎች መዝገብ

በመሥሪያ ቤታችን የቀሪ ሠራተኞችን መዝገብ የምይዘው እኔ ስሆን፣ ሥራውን የለመድሁት በ2001 ዓ.ም. በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ ቤት አለቃ ሆኜ ሳለሁ ነው፡፡ በሥሬ 24 አልጋዎች ነበሩ፤ ማታ በ4 ሰዓት መብራት አጠፋለሁ፤ ሌሊት ዞሬ የጎደለውን እጽፋለሁ፡፡ ሹመት መቼም ያስታብያል፤ ስም በጻፍሁ ቍጥር ደስ ይለኝ ነበር፡፡

አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሦስት ሌሊት ከአልጋው ታጣ፡፡ ሳልጠይቀው ለኃላፊው አስታወቅሁ፤ ታገደም፡፡ ዕቃውን ሲሸክፍ ቀርቤ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ አልጋው ላይ ስለሚሸና አፍሮ፣ ሌሊት አንሶላውን ሊያጥብ ወደ ቧንቧው ይወርድ እንደ ነበረ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ፡፡

ምሥጢሩን ሳላወጣ ወደ ኃላፊው ተመልሼ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልጠይቅ ጻፍሁ» አልሁ፡፡ እገዳው ተነሣለት፤ እኔም በተማሪዎች ፊት ተገሠጽሁ፡፡ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ አንድ ባልዲ ውሃ ሞልቼ ከበሩ አጠገብ ማኖር ጀመርሁ፤ ለማን እንደ ሆነ ግን ለማንም አልተናገርሁም፡፡