በስም ጫፍ የተደበቀች ምልክት

ስለ ኮምፒዩተር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ታላላቁን ነገር ነው። እኔ ግን የማጫውታችሁ አንድን ረዥም ጽሑፍ በየመስመሩ ስለ መክፈል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የሰፈራችንን ዕድር አስደንግጦ ነበር።

ዕድራችን መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ካዛወረ ወዲህ፥ በየወሩ የከፈሉት ሰዎች ስም እያንዳንዱ በየመስመሩ ተጽፎ ይመጣል። አንድ ሰው የሠራው ፕሮግራምም ስሞቹን ለያይቶ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ባለፈው ዓመት አንድ ወር ላይ ዝርዝሩ በሌላ ኮምፒዩተር ተጽፎ መጣና፥ ፕሮግራሙ ከመጨረሻው ስም በቀር የከፈለ ሰው የለም አለ። ጎረቤታችን እማማ ደረሰኛቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው፥ «ልጄ፥ እንግዲህ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ። ውዝፍ የበዛበት አባል እንደሚሰረዝ ስለማውቅ አልሣቅሁም።

የዕድሩን ዳኛ አስፈቅጄ ፕሮግራሙን መረመርሁ። ስሞቹ ለዓይን እንከን የላቸውም። ቢቸግረኝ በአንዱ መስመር መጨረሻ ያለው «ከበደ» የሚለው ስም ስንት ፊደል እንዳለው ኮምፒዩተሩን ጠየቅሁት። አራት አለኝ!

አራተኛው ከጥንት የመጣ ነው። በቴሌፕሪንተር መስመር ሲያልቅ ሁለት ነገር ይደረግ ነበር፤ ይኸውም ወደ መስመሩ መነሻ መመለስና ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱም የራሱ ምልክት ነበረው፤ የመመለሻው ቁጥር 13፥ የከፍ ማድረጊያው 10 ነው። ዛሬ የሚመለስ ነገር ባይኖርም የዊንዶውስ ልማድ ሁለቱንም መጻፍ ነው፤ ሊኑክስ ግን 10ን ብቻ ይጽፋል። የእኛ ዝርዝር በዊንዶውስ የተጻፈ ሲሆን ፕሮግራሙ በ10 ላይ ብቻ ስለሚቆርጥ፥ 13 በየስሙ ጫፍ ተጣብቃ ቀረች። ከመጨረሻው ስም በኋላ አዲስ መስመር ስላልነበረ ያ ባለ ስም ብቻውን ዳነ።

በፓይተን «ስፕሊትላይንስ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ 13ና 10 ተከታትለው ሲመጡ እንደ አንድ የመስመር መጨረሻ ይቈጥራቸዋል። እርሱን በቦታው አገባሁ። እማማም ስማቸውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

አሁን ደግሞ ዳኛው የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ በየዓረፍተ ነገሩ እንድከፍል አዘውኛል። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ፥ አንዳንዱም ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ተዘግቷል። ለዓይን አንድ ሲመስሉ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸውና፥ በሁለቱም ላይ እንዲቆርጥ እየሠራሁ ነኝ።