ከማራቶን እስከ አቴና በእግር

ማራቶን የሚለውን ስም በሀገራችን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን ማራቶን የሩጫ ስም ከመሆኑ አስቀድሞ የአንድ ሜዳ ስም እንደ ነበረ፣ ሜዳውም ይህን ስም ያገኘው በላዩ ይበቅል ከነበረው እንስላል እንደ ሆነ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በጥንታውያን ግሪኮች ቋንቋ ማራቶን ማለት እንስላል ማለት ነውና። እኔም ራሴ በጓሮዬ የሚበቅለውን እንስላል ከአበበ ቢቂላ ስም ጋር የሚያገናኘው ነገር መኖሩን የተረዳሁት ዕድሜዬ አምሳ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በዚያው ሜዳ ላይ ቆሜ ነው።

ወደዚያ የሄድነው አራት ሆነን ነበር። በዕድሜ ታላቃችን ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ የ64 ዓመት ሰው ሲሆኑ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሁለተኛው ሐኪም ነው፤ ሦስተኛዋ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር እኅታችን ናት፤ አራተኛው መምህሩ እኔ ነኝ። ያስተዋወቀን ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በአዲስ አበባ የሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ ነው። ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን ጃን ሜዳ፣ ቅዳሜ ማለዳ ደግሞ እንጦጦ ላይ እንገናኛለን። ከመካከላችን ለሽልማት የሚሮጥ የለም። ሐኪሙ ለጤናው፣ እኅታችን ለእልኋ፣ እኔም (እውነቱን ለመናገር) ሩጫው ሲያልቅ ስለሚጠጣው ቡና እንሮጣለን።

አቴናን የመረጡት ጋሼ ናቸው። የተወለዱት በ1953 ዓ.ም. ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሲሆን፣ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። በዚያው በ1953 ዓ.ም. ወደ ግሪክ ሄዶ ከማራቶን እስከ አቴና ያለውን ጥንታዊ መንገድ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ሮጦ ማሸነፉን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። የጋሼ አባት ይህን ወሬ ሰምተው «ልጄ የተወለደው አበበ አቴናን በገባበት ዓመት ነው» እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ ኖረው በሞት ተለዩ። ልጅየውም «በዚያ መንገድ አንድ ቀን ሳልሮጥ ብሞት የአባቴ ዕዳ ይቀርብኛል» ይሉን ነበር።

ለዚሁ ጉዞ ሦስት ዓመት እቁብ ጣልን። ቪዛውም፣ የባንክ ወረቀቱም፣ ተራ መጠበቁም እንደ ምንም አለፈ። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ያጠራቀምነው ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከነበረው ዋጋ ግማሽ ያህሉን አጣ። ሐኪሙ «ለሚመጣው ዓመት እናቆየው» አለ። ጋሼ ዝም አሉ። እኅታችንም በሦስተኛው ቀን የአንገት ሀብልዋን ሸጣ የጎደለውን ይዛ መጣች። ስለዚህ ነገር ከዚያ በኋላ እንድናነሣባት አልፈቀደችም፤ እኔም አሁን ማንሣቴን ባታይብኝ ይሻለኛል።

ሌላም ችግር ነበረ። የአቴናው ሩጫ የሚደረገው እሑድ ነው፤ ጊዜውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በሚቆየው በጾመ ጽጌ ውስጥ ይውላል። ጋሼ ደግሞ ማኅሌተ ጽጌን ከልጅነታቸው ጀምሮ ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው። ሄደው የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። እርሳቸውም «ጾሙ የፈቃድ ነው፤ እርሱን አንተ ታውቃለህ። ሰንበትን ግን እንደ ተራ ቀን አትሩጥበት» ብለው አሰናበቷቸው። ይህ ፈቃድ ይሁን ክልከላ ለእኛ አልገባንም፤ ጋሼም ለመረዳት ብዙ ሳምንት እንደ ፈጀባቸው ነግረውናል። ጾሙን ግን አልተዉም። ሐኪሙ ተቈጥቶ «በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ልምምድ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት!» ሲላቸው «ሽሮና ቆሎ ነው ያሳደገኝ፤ አሁን ይክደኛል ብለህ ነው?» አሉት።

አቴና የደረስነው ሩጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ስለ ከተማይቱ ብዙ አልጽፍም፤ አክሮጶሊስን ያየነው ከታች ሆነን ነው፤ ሐኪሙ እግራችንን እንድናሳርፍ ስለ አስገደደን። ቅዳሜ ማታ ግን ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ካልሳምሁ አሉ። በኤርሙ መንገድ መካከል ካፕኒካሬያ የምትባል የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ11ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆመች ስትሆን፣ ዙሪያዋን የልብስ ሱቆች ከብበዋታል። የከተማው መንገድ በዘመናት ከፍ እያለ ስለ ሄደ እርስዋ ዝቅ ብላ ቀርታለች፤ ወደ እርስዋ የሚሄድ ሰው ወደ ጕድጓድ እንደሚወርድ ሆኖ ይወርዳል።

ጋሼ እንደ ሀገራችን ልማድ ከደጃፉ ጫማቸውን አወለቁ። ግሪኮች ጫማቸውን ሳያወልቁ እንደሚገቡ ብንነግራቸውም አልሰሙንም። ሻማ አብርተን ከኋላ ቆመን ሳለን አንድ ሽማግሌ አገልጋይ የጋሼን የሩጫ ጫማ በሁለት እጁ ይዞ እየተጣደፈ ገባ። አንድ ሰው ረስቶት የሄደ መስሎት ባለቤቱን ሲፈልግ ኖሮ የጋሼን እግር አየና ቆመ። ጫማውንም፣ እግራቸውንም፣ ፊታችንንም ተራ በተራ ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አበበ?» አለ። ጋሼ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲስቁ ያየኋቸው የዚያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌውም ጫማውን መልሶ በደጃፉ፣ ሰው በማይረግጠው በኩል አስተካክሎ አኖረው።

በማግሥቱ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ከሲንታግማ አደባባይ በአውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ማራቶን ወጣን። ሯጩ ሁሉ ዝም ብሎ በመስኮት ያያል። በሄድንበት መንገድ በእግራችን እንደምንመለስ እያሰበ የሚመለከት ሰው ዳገቱ ሁሉ የረዘመ ይመስለዋል። ሩጫው የተጀመረው ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ነው።

መጀመሪያው ሜዳ ነው። ጥቂት እንደ ተሮጠ መንገዱ ወደ ግራ ታጥፎ የአቴናውያንን መቃብር ይዞራል። ይህ መቃብር ከአፈር የተቈለለ ጉብታ ሲሆን፣ በ490 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከፋርስ ሠራዊት ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁት 192 አቴናውያን ያረፉበት ነው። ቍጥራቸውን የጻፈው ሄሮዶቱስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከማራቶን እስከ አቴና ሮጦ የድሉን ዜና ተናግሮ ወድቆ ስለ ሞተው መልእክተኛ ለተማሪዎቼ ለብዙ ዓመት እንደ እርግጠኛ ታሪክ አስተምሬአለሁ። ሄሮዶቱስ ግን የሚናገረው ርዳታ ለመለመን ከአቴና ወደ ስፓርታ ስለ ሮጠው ሰው ነው። ወደ አቴና ሮጦ ስለ ሞተው የጻፉት ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተነሡ ናቸው፤ እነርሱም በስሙ እንኳ አይስማሙም። ያም ሆነ ይህ እ.ኤ.አ. በ1896 አዲሱ የኦሎምፒክ ጨዋታ በአቴና ሲጀመር በዚህ ታሪክ ምክንያት ሩጫው ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውንም ድል ያገኘው ስፒሪዶን ሉዊስ የሚባል ከማሩሲ መንደር የመጣ ውኃ ሻጭ ነው። የዚያን ጊዜ ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ አሁን የምንሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መጀመሪያ የተሮጠው እ.ኤ.አ. በ1908 በሎንዶን ነው።

ጋሼ በመቃብሩ ዙሪያ ሲሮጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ሐኪሙ ትንፋሻቸው የተዛባ መስሎት ቀረብ ብሎ ቢያዳምጥ የሰንበትን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እያደረሱ ነው። የነፍስ አባታቸውን ቃል እንዴት እንደ ተረጐሙት ያወቅነው የዚያን ጊዜ ነው። እስኪጨርሱ ድረስ ማንም አላናገራቸውም።

በኔአ ማክሪ ከተማ የሀገሩ ሰዎች በመንገድ ዳር ቆመው ለሯጮች የወይራ ቅርንጫፍ ይሰጣሉ። ቀጥሎ ማቲ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2018 ከ100 የሚበልጡ ሰዎች በሰደድ እሳት ያለቁት እዚያ ነው። ብዙው ሯጭ በዚያ ሲያልፍ ጭብጨባውንም ወሬውንም ይቀንሳል። እኛም እንደዚሁ አደረግን።

ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ይጀምራል። እስከ 31ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ፣ አልፎ አልፎ ብቻ እያረፈ፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እንጦጦን የለመደ ሰው ዳገቱን ይንቀው ይሆናል፤ እንጦጦን ግን አስቀድሞ 15 ኪሎ ሜትር ሮጦ የወጣው ማን ነው? ስንነሣ «አብረን ገብተን አብረን እንወጣለን» ተባብለን ነበር። ሐኪሙና እኅታችን ግን ከራፊና አካባቢ ጋሼን አስፈቅደው ቀደሙ። እኔ ቀረሁ።

ፓሊኒ ስንደርስ ጋሼ ባታቸውን ያዛቸው። በመንገዱ ጠርዝ ተቀመጡ። እኔም ባታቸውን እያሸሁ ልቤ ግን ሰዓቴ ላይ ነበረ። ለተማሪዎቼ «ከ4 ሰዓት በታች እገባለሁ» ብዬ ፎክሬ ወጥቻለሁና። ጋሼ አይተውኝ «ሂድ ልጄ፤ ይቅርታ አልልህም፤ ሂድ» አሉኝ።

ሄድሁ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሮጥሁ። ከዚያ ተመለስሁ። ቸርነት አድርጌ እንደ ተመለስሁ አድርጌ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን የመለሰኝ ቦሌ ላይ የሚቀበሉን የጋሼ ባለቤት ናቸው። «እርሳቸውን የት ጥለሃቸው መጣህ?» ሲሉኝ ታየኝ። ጋሼም ስመለስ ሲያዩኝ ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ብቻ ሰጡኝና አነሣኋቸው።

ከዚያ ወዲያ የተጓዝነው በእርምጃ ነው። በቅድስት ጰራስቅዌ ስም በተጠራው ሰፈር አንዲት ጥቍር የለበሱ አሮጊት ከደጃቸው ወጥተው ለጋሼ የወይራ ቅርንጫፍ ሰጧቸውና አማተቡባቸው። ግሪኮች ሲያማትቡ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ነው፤ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ጋሼም በበኩላቸው አማትበው እጅ ነሡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ቆመው ሲያማትቡ እጆቻቸው ወደ አንድ ወገን ሄዱ፤ በመስታወት እንደሚታይ ሰው ነበሩ።

ከ32ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ መንገዱ ወደ ከተማው ይወርዳል። ቍልቍለቱ ለዛለ እግር ከዳገቱ ይብሳል። በመስታወት ንጣፎች የተሠራውን የሯጭ ሐውልት አልፈን፣ ወደ ሄሮድ አቲኮስ መንገድ ታጥፈን ከእብነ በረድ ወደ ተሠራው ስታዲዮን ስንገባ ከተነሣን 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሆኖ ነበር። ሐኪሙና እኅታችን ብርድ ልብስ ለብሰው ከደረጃው ላይ ይጠብቁን ነበርና እየጮኹ ወረዱ። ይህ ስታዲዮን ለ1896ቱ ጨዋታ እንደ ገና የታደሰው ነው፤ አበበም የገባው ወደዚሁ ነው። ጋሼ እዚህ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላወለቁም። በኋላ ስጠይቃቸው «እግሬ አብጦ ጫማው እንቢ አለኝ እንጂ ሐሳቡስ ነበረኝ» አሉኝ። ማታ ሆቴል ገብተን ጨው በተጨመረበት ውኃ እግራቸውን ያጠብኋቸው እኔ ነኝ። ሁለት ጥፍር ተነቅሏል።

ኅዳር 3 ቀን ቦሌ ስንደርስ የጋሼ ባለቤት ሜዳሊያውን አላዩም። መጀመሪያ ያዩት እግራቸውን ነው፤ ቀጥለውም እኔን። የሆነውን ሁሉ ጋሼ ራሳቸው ነገሯቸው፤ ሁለት መቶ እርምጃዋን ግን ዘለሏት። ለአሮጊቲቱ ቅርንጫፍ በሸሚዝ የተጠቀለለ ቦታ አበጅተውለት ስለ ነበረ ቅጠሉ ሳይረግፍ ገብቶ ነበር።

ኅዳር 12 ቀን የሚካኤል ዝክር በቤታቸው ስለ ነበረ ሁላችንም ተጠራን። ጠላው ሲቀዳ የተለየ መዓዛ ነበረው። ሐኪሙ አድንቆ ጠየቀ። ወይዘሮዋም እንስራውን ሲያጥኑ ወይራው እንዳነሳቸው፣ በመስኮቱ አጠገብ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ አግኝተው እንደ ጨመሩት በደስታ ነገሩን። እኅታችን ሻሽዋን ወደ አፏ አደረገች። ጋሼ ብርጭቆአቸውን ከፍ አድርገው ጥቂት አሸተቱ፤ ከዚያም ለባለቤታቸው «እስኪ ድገሚልኝ» አሏቸው።