ቀብዱ የማን ነው?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ጀሞ ላይ ሼድ መከራየትሽን፣ የብየዳ ማሽኑንም መግዛትሽን ወንድምሽ ነገረን። ስለ ብየዳሽ የምጨምረው የለኝም። ንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ሳለሽ የሠራሽውን አይቻለሁ፤ ጎፋ አብረውኝ ሲበይዱ ከነበሩት ከብዙዎቹ እጅ ያንቺ ይጠራል። የምጽፍልሽ ስለ ገንዘቡ ነው። ሒሳቡን በትምህርት ታውቂዋለሽ፤ ደንበኛ ፊትሽ ቆሞ ብር ሲቆጥርልሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጀሞም፣ ለቡም፣ ላፍቶም ቤት የሚያድስ ሰው ስለማይጠፋ ሥራ አታጪም። አንዱ መጥቶ በርና መስኮት ያዝዝሻል፣ ግማሹን ቀብድ ይሰጥሻል። ያን ጊዜ ገንዘብ ያገኘሽ ይመስልሻል። አላገኘሽም። ያ ብር ቱቦላሬ ነው፣ ላሜራ ነው፣ ኤሌክትሮድና አንቲረስት ነው። በሩ ተተክሎ ቁልፉ እስኪዞር ድረስ ያንቺ አይደለም።

ጎበዝ ባለሙያዎች ሲዘጉ ያየሁት ሥራ አጥተው አይደለም፤ ሥራ ሞልቷቸው ሳለ ነው። የመጀመሪያውን ደንበኛ ቀብድ ለቤት ኪራይ ያውሉታል። ለእሱ ብረት ለመግዛት የሁለተኛውን ቀብድ ይቀበላሉ። ሁለተኛው መጠየቅ ሲጀምር ሦስተኛ ሥራ ይፈልጋሉ፤ ቶሎ እንዲመጣላቸውም ዋጋ ይሰብራሉ። በዚህ መሃል መብራት ጥቂት ቀን ከጠፋ ሁሉም ደንበኛ ባንድ ጊዜ በር ላይ ይቆማል። ስልክ ማጥፋት የሚጀምሩት ያኔ ነው። ስልኩን ያጠፋ ባለሙያ ደግሞ በዚያ ሰፈር አለቀለት፤ የኮንዶሚኒየም ሰው እርስ በርሱ ይነጋገራል።

ሕጉም ከእኔ ይከርራል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። 20 ሺህ ብር ተቀብለሽ «ብረት ተወደደብኝ፣ ይቅርብኝ» ካልሽ የምትመልሺው 40 ሺህ ነው ማለት ነው።

ብረት ደግሞ ይወደዳል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ብረት አብዛኛው ወይ ራሱ ወይ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ የዛሬ ወር በሰጠሽው ዋጋ መያዝ አያዋጣም። የዋጋ ወረቀትሽ ላይ ቀን ጻፊ፤ ከአምስት ቀን በላይም አታቆዪው። ቀብዱን በተቀበልሽበት ቀን፣ ቢመሽብሽ በማግስቱ፣ የዚያን ሥራ ብረት ሙሉውን ግዢና ደረሰኙን ከውሉ ጋር አያይዢው። ሼድሽ ውስጥ የቆመ ብረት አይወደድብሽም። ደንበኛውም መጥቶ ሲያየው ልቡ ያርፋል።

«በካሬ ስንት ነው?» ይሉሻል። የጎረቤትሽን ዋጋ ሰምተሽ መቶ ብር ቀንሰሽ እንዳትመልሺ። ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትሩ ነው፤ ቁመቱ 2.20 ለሆነ በር ከአንዱ ሁለት ቋሚ ብትቆርጪ 1.60 ይተርፋል። ሌላ ቦታ ካልገባ፣ ያ ቁርጥራጭም ዋጋ ተከፍሎበታል። የግራይንደር ዲስኩ፣ የመኪና ጭነቱ፣ የረዳትሽ አበል፣ ለልኬት ሄደሽ ደንበኛውን አጥተሽ የተመለስሽበት ቀን፣ ሁሉም ካሬው ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የእጅ ዋጋሽን ለብቻው ጻፊ። የምትበዪው ከእሱ ብቻ ነው። ባንክ ላይም ሁለት ሒሳብ ይኑርሽ፣ አንዱ ለቀብድ፣ አንዱ ለእጅ ዋጋ። ደንበኛ በቴሌብር የላከውን እዚያው አታቆዪው፤ ከሞባይል ካርድና ከታክሲ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ዕቁብ ግቢ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ዕቁቡን የምትጥዪው ግን ከእጅ ዋጋሽ ይሁን።

ደብተር ያዢ። እኛ ቤት ደብተሩን የምትይዘው እናትሽ ነበረች። ሐምሌ 2009 ለግብር የተሠራው የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ ነጋዴው ሁሉ ሲያማርር፣ ሌላው «በዛብኝ» ሲል እሷ ገጽ እየገለጠች ተከራከረች። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ ግብሩና የንግድ ፈቃድ እድሳቱ ተከታትለው ይመጣሉ። ለእነሱ የሚሆነውን ከየሥራው ላይ ቀንሰሽ አስቀምጪ እንጂ ሐምሌ ላይ በተቀበልሽው ቀብድ እንዳትከፍዪ።

ዘመድ ሲመጣ ይከብዳል፤ እሱ ቀብድ መስጠት ይረሳል፣ አንቺ መጠየቅ ታፍሪያለሽ። ጠይቂ። ካዘንሽለት የእጅ ዋጋሽን ተይለት፣ ብረቱን ግን ይክፈል። ብረት ሻጩ የሥጋ ዘመድሽ አይደለም።

የግቢያችንን በር እሠራለሁ ያልሽውን አልረሳንም። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.20 ነው፤ ባለ ሁለት ተካፋች ይሁን ትላለች እናትሽ። የብረቱንና እዚህ ደብረ ብርሃን ድረስ የመጫኛውን አስልተሽ ላኪልን፤ ቀብዱን በማግስቱ እናስገባልሻለን።

አባትሽ