«የመንግሥት ነው»

በልጅነቴ በየቀኑ የምሰማት አባባል ነበረች። «የመንግሥት ነው» ትባላለች። ትራክተሩ የመንግሥት ነው፤ ስንዴው የመንግሥት ነው፤ ጋራው ላይ የቆመው ጥድ የመንግሥት ነው። መቼም ቃሏ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ትናገራለች። አንደኛው «እንዳትነካ!» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ባለቤቱ እዚህ የለም» ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ደንና ብዙ ምርት ያለቀው ሰው ሁለተኛውን እየሰማ ነው።

አባቴ በአርሲ ከነበሩት የመንግሥት እርሻዎች በአንዱ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ይዞታ ፈቀደ። የባለሀብቶቹ ሰፋፊ እርሻዎች ግን በመንግሥት እጅ ገቡ። በ1971 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመላቸው። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና ብድሩ በአብዛኛው ወደ እነሱ ሄደ፤ ከአገሪቱ የታረሰ መሬት የያዙት ግን ጥቂቱን ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንኳ ለእነሱ እህል የሚከፍለው ለገበሬው ከሚከፍለው ይበልጥ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ብዙዎቹ በኪሳራ ይሠሩ ነበር።

ቁጥጥር አልነበረም እንዳይባል፣ ቁጥጥርማ ሞልቶ ነበር! ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ሲሉ አጥሩ ኖራ ይቀባል፤ የተሰበረው ኮምባይነር ወደ መጋዘኑ ጀርባ ይጎተታል። እንግዶቹ የታረሰውን ሄክታር ከመዝገብ ገልብጠው፣ ምሳ በልተው ይሄዳሉ። ማታ አባቴ ጫማውን እያወለቀ፣ «ወረቀቱ ደኅና ነው፤ መሬቱን የጠየቀው የለም» ይላል። አንድ ዓመት ለኮምባይነሩ መለዋወጫ የተጻፈው ደብዳቤ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ የደረሰው ስንዴ በዝናብ ረገፈ። አጥር የሚጋራን ገበሬ ያንጊዜ የራሱን ማሳ ከከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ ያድር ነበር። እሱን ተቆጣጣሪ ጎብኝቶት አያውቅም። የእርሻውን ኪሳራ ግን ማን ይጠየቅበት? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!

የደኑ ታሪክ ረዘም ይላል። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር የተተከለ ነው ይባላል። በእኛ ዘመን ደግሞ በ1972 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ለደንና ለዱር አራዊት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ቆመ፤ ተከለለ፣ ተተከለ፣ ጥበቃ ተቀጠረ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ግን በብዙ ቦታ ሕዝቡ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ዛፉ ምን በደለ? በደቡብ ጎንደር ገላጣ ማሳዎች መካከል ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ወይራና ጥድ እስከ ዛሬ ቆሟል። ለዚያ ደን ጠያቂው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባሌ፣ በአዳባና በዶዶላ ደኖች፣ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጁ፤ አንዱ ማኅበር ቢበዛ 30 አባወራ፣ ለአንዱ አባወራ 12 ሄክታር ደን። ከክልሉ መንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ፤ ኪራይ ሊከፍሉ፣ ደኑን ሊጠብቁ፣ በደኑ ሊጠቀሙ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም የማኅበረሰብ ደንን በሕግ አወቀ።

በሌላ በኩል በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ደን እንዲጠብቅም፣ ከደን ውጤት ገቢ እንዲያገኝም የተደረገ ነው። ጠባቂና ሻጭ አንድ ሲሆን፣ ሻጩ ሲቸኩል ጠባቂውን የሚቀሰቅሰው ማነው? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

መንግሥት ከደንና ከእርሻ እጁን ያውጣ አልልም። የወንዝ ምንጭ የያዘ ተራራ ለአንድ መንደር ብቻ አይተውም። ነገር ግን ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ከመዝገቡ በፊት አጥር የሚጋራውን ገበሬ ያነጋግር። በስሙ ውል የፈረመና የከፈለበትን ደረሰኝ የያዘ ሰው፣ «የት ደረሰ?» ብሎ ለመጠየቅ ማንንም አያስፈቅድም።