ድምፅ ከመጉላቱ በፊት

ሙዚቃ ወዳድ የሆነ ሰው መሣሪያውን ለማሻሻል ሲነሣ አስቀድሞ የሚመኘው ድምፁ እንዲጎላለት ነው። ይሁን እንጂ ጉላትና ጥራት አንድ አይደሉም። የተዛባ ድምፅ ሲጎላ መዛባቱም አብሮ ይጎላልና። ይህን እውነት በሾላ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር የተረዱት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት ትንሽ ሸክላ ነው።

«ሸክላ» የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ድምፃቸውን ካስቀረፁበት ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዘመን የሚሠራው የዘፈን ሸክላ እንደ ገል የሚሰበር ነበር። በኋላ በፕላስቲክ ሲተካም ስሙ አልተለወጠም። ሸክላ የማሳተም መብት በድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። ዘመኑ ግን አጭር ነበር፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ካሴት ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ከእነዚያ ሥራዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም እንደገና ቢሰሙም፣ ዳግም ሳይታተሙ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩም አሉ።

መምህሩ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያቆዩዋት ሸክላ ከዚያ ዘመን የተረፈች የዓለማየሁ ባለ 45 ዙር ናት። የቀድሞው ማጫወቻቸው ከተበላሸ ብዙ ዓመት ስለሆነው ድምፅዋ ሳይሰማ ኖሯል። አሜሪካ የምትኖር እኅታቸው ይህን ታውቅ ነበርና ያገለገለ ማጫወቻ ላከችላቸው። መሣሪያው በ110 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ትራንስፎርመር ገዝተው አገናኙት። መርፌው እየዘለለ ሲያስቸግራቸውም በክንዱ ራስ ላይ ሳንቲም ጫኑበት። ሸክላዋ ዞረች፤ ድምፅም ወጣ። ነገር ግን ያ በዘመኑ ወጣቱን ከወንበሩ ያስነሣ የነበረ ዘፈን እንደ ሙሾ ይጎተት ጀመር።

መምህሩ የጠረጠሩት ራሳቸውን ነው። «ዘፈኑ እንዲህ ነበር፤ ያፈጠነው የኔ ወጣትነት ነው» አሉ። የልጅ ልጃቸው ግን ዘፈኑን እንደ ሰማችው አጥንታ፣ በዝግታና በኀዘን ታንጎራጉረው ያዘች። ይህ ከነከናቸው። ጉድለቱ ምናልባት የድምፅ ማጉያው ማነስ ይሆናል ብለው ትልቅ ለመግዛት ከጡረታ አበላቸው ማጠራቀም ጀመሩ።

ገንዘቡ በሞላ ዕለት ወደ ገበያው ወርደው፣ የቅቤውንና የበርበሬውን ተራ አልፈው አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ደረሱ። ወጣቱ ጉዳያቸውን ካዳመጠ በኋላ «ጋሼ፣ ማጉያውን ከመግዛትዎ በፊት ማጫወቻውን አምጡልኝና ልየው» አላቸው።

በማግስቱ ይዘውለት ሲመጡ ሸክላዋ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ፣ ሰዓቱን እያየ ዙሯን ቈጠረ። በሁለት ደቂቃ 90 ጊዜ መዞር ሲገባት 75 ጊዜ ዞረች።

«ጋሼ፣ ጆሮዎ አላረጀም» አለ ቀና ብሎ። «ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሌላውን አይለውጥም። እነሱ አገር መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የኛ 50 ጊዜ ነው።»

የዚያ ዓይነቱ ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚህ ምልልስ ስለሆነ ከስድስት እጅ አንዱን ያጎድላል፤ የዘፋኙም ድምፅ በዚያው ልክ ይወፍራል። መድኃኒቱ በሞተሩ ጫፍ ላይ ሆና ቺንጊያውን የምታዞረውን ፑሌጃ በአንድ አምስተኛ አስፍቶ መሥራት ነበር። አንድ የቶርኖ ባለሙያ ከነሐስ አውጥቶ አስረከባቸው።

ጠጋኙ ግን በዚህ አላበቃም። መርፌውን በማጉሊያ መነጽር አሳያቸው፤ ጫፉ ተበልቶ ስለት አውጥቷል። ሳንቲሙንም አንሥቶ በእጃቸው አኖረውና «ይህ መርፌ በዚህ ሸክም ሸክላውን አያጫውትም ጋሼ፤ ያርሰዋል» አላቸው።

መምህሩ ደነገጡ። ለካ በናፍቆት ባጫወቷት ቍጥር ሲፍቋት ኖረዋል። አዲስ የአልማዝ መርፌ ከእኅታቸው እስኪመጣ ድረስ ሸክላዋን አላስነኩም፤ በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ የጕድጓዱን መሥመር ተከትለው አቧራዋን ጠረጉ እንጂ። አልማዝም ቢሆን እስከ አንድ ሺህ ሰዓት ገደማ አገልግሎ መለወጥ እንዳለበት ስለተነገራቸው፣ ያጫወቱበትን ሰዓት የሚመዘግቡበት ደብተር አዘጋጁ።

መርፌው መጣ፤ የክንዱም ክብደት ለመርፌው በታዘዘው ልክ ሁለት ግራም ሆኖ ተስተካከለ። ዘፈኑ ሲጀምር የልጅ ልጃቸው ከደጅ ሮጣ ገባች።

«አባባ፣ ይኼ ሌላ ዘፋኝ ነው?»

«አይደለም ልጄ፤ እርሱ ራሱ ነው። እስካሁን ያሰማሁሽ ነው ሌላው።»

ትልቁ ድምፅ ማጉያ አልተገዛም። ከዘፈኑ አጋማሽ ላይ ግን ያ ስለታም መርፌ ያረሰው ስፍራ ዛሬም ይንሿሿል፤ የትኛውም መሣሪያ አያድነውም። የቀደመውን ሥራ ለሚመጣው ትውልድ አሰማለሁ የሚል ሁሉ፣ መምህርም ይሁን ከያኒ፣ ድምፁን ከማጉላቱ በፊት ፍጥነቱን ሊቈጥር፣ መርፌውንም ሊመረምር ይገባዋል። ልጅ የሰማችውን ነውና የምታንጎራጉረው።