ያዘመመችው መኪና

እኔ የፊደል አስተማሪ ነኝ። ዛሬ ግን ራሴ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አጎቴ በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይኖራል። በላንድክሩዘሩ እህልና ሰው ወደ ገጠር ያመላልሳል። መንገዱ ድንጋያማ ነው። የመኪናው ሆድ እንዳይመታበት ብሎ፣ ተበድሮ ረዘም ያሉ የፊት ሞላዎች ገዛ። ሞላ ማለት የመኪናን ክብደት ተሸክሞ የሚነጥር ጥምዝምዝ ብረት ነው።

ገጣሚው አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሞላዎቹ ላይ የታሰረው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ነበር። «እስቲ አንብብልን፣ አንተ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነህ» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ይሄኛው የቀኝ፣ ያኛው የግራ» አልኩ። እንዳልኩት ገጠሙ።

መኪናዋ ከክሪክ ስትወርድ በሹፌሩ በኩል አዘመመች። አጎቴ ተቆጣ። «ተበድሬ የገዛሁትን አበላሹብኝ! አልከፍልም!» አለ።

አዛውንቱ አልተመላለሱም። መኪናዋን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቆሙ። የጎማዎቹን ነፋስ እኩል አደረጉ። ከጎማው መሃል አንስተው በላዩ እስካለው ጠርዝ ለኩ። ግራው በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ሞላዎቹን ፈትተው ጎን ለጎን አቆሟቸው። አንዱ በጣት ያህል ይረዝማል።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ሹፌር ሁልጊዜ አለ። ከጎኑ ግን አንዳንዴ ሰው የለም። ስለዚህ ረጅሙ ሞላ በሹፌሩ በኩል ነው የሚገባው። ለመሆኑ ወረቀቱ በተጻፈበት አገር ሹፌር የሚቀመጠው በየት በኩል ነው?»

ወረቀቱን መልሼ አየሁት። ከታች በትንንሹ «አውስትራሊያ» ይላል። እዚያ መሪው በቀኝ ነው፤ እኛ አገር በግራ። ለካ የመጨረሻውን መስመር ሳላነብ ነው የፈረድኩት።

አፈርኩ። ዝም ብል ጥፋቱ በእሳቸው ላይ ሊቀር ነው። «ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት አጎቴን።

ሞላዎቹ ቦታ ተቀያየሩ። ጎማ የለበሱትን ብሎኖች ግን አዛውንቱ ያጠበቁት መኪናዋ መሬት ከያዘች በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥላ ከጠበቁ፣ ውስጡ ያለው ጎማ ተጠምዝዞ ይቀርና መልሶ ያዛባታል። መኪናዋ ቀጥ አለች። አጎቴም ይቅርታ ጠይቆ ሒሳቡን ከፈለ።

ወገኖቼ፣ የመድኃኒትም ሆነ የማዳበሪያ ጽሑፍ ስታነቡ እስከ ታች አንብቡ። «ለማን ተጻፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም እንደ አዛውንቱ ለክታችሁ አረጋግጡ።