ስድስት አልጋ፣ ስድስት ጭላንጭል

እናቴ የደወለችልኝ እሑድ ማለዳ ነው። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ "ወንድምህ ስልክ አያነሣም" አለችኝ። "ሦስት ቀኑ ነው። አሞት ይሆን እንዴ?" እኔም እንደ ታላቅነቴ "የፈተና ጊዜ ስለሆነ እያጠና ይሆናል" ብዬ አጽናናኋት። ከእሷ ጋር ተሰነባብቼ ቴሌግራም ስከፍት ግን ታናሽ ወንድሜ መስመር ላይ ነበር። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓትም እንዲሁ መስመር ላይ አይቼዋለሁ። (በዚያ ሰዓት እኔስ ምን እሠራ ነበር? እመለስበታለሁ።)

ጉድ እኮ ነው አንባቢ ሆይ! ስልክ ከእጁ የማይለይ ልጅ ስልክ አያነሣም።

ይህ ልጅ የቤታችን ተስፋ ነው። በ2015 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ አንዱ እሱ ነው። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ሰርግ መስሎት ነበር የወጣው። እኔ ደግሞ የጽሑፍ ሥራ ከሚያስገኝልኝ ላይ ቆጥቤ፣ ጥቂትም ተበድሬ፣ ደህና ስማርት ስልክ ገዛሁለት። "በዚህ ታነብበታለህ" ያልኩት እኔው ነኝ።

ጉዳዩ አላስችል ቢለኝ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ያለው ሩቅ አገር ነው፤ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ታድሮ ይደረሳል። መታወቂያዬን ለጥበቃዎቹ አስይዤ ወደ ዶርሙ ስዘልቅ ቀኑ መሽቶ ዓይን ለዓይን መያያዝ ጀምሯል። መብራት ጠፍቷል። ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ፣ በየአልጋው አንድ ጭላንጭል፣ በየጭላንጭሉ ላይ የተደፋ አንድ ሰማያዊ ፊት። አንዱ ብቻውን ይስቃል። ሌላው ከንፈሩን ይነክሳል። "እንደምን አመሻችሁ" አልኩ። አንድም ቀና ያለ የለም። ወንድሜ እንኳ በድምፄ ያወቀኝ ሁለተኛ ስጠራው ነው።

እኔ ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ስማር የነበረን ዶርም ትዝ አለኝ። ሀብታችን አንድ ሬዲዮና አንድ ልብ ወለድ ነበር። መጽሐፉን ተራ መጠበቅ ቢሰለቸን ከመጠረዣው ገንጥለን ለአራት ተካፈልነው። መጨረሻው የደረሰው ልጅ ታሪኩን እየነገረ ሲያበግነን ያድር ነበር። እንግዳ ከመጣ ደግሞ ዳቦው ተቆርሶ ወሬው ይደራል። በእርግጥ ያ ዘመን ሁሉም ማር አልነበረም፤ እንጣላ ነበር፣ እንሰላች ነበር። ግን የምንጣላውም የምንሰላቸውም አብረን ነበር።

ወንድሜን ይዤ ከግቢው ውጭ አንዲት ሻይ ቤት ገባን። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ማስጠንቀቂያ እንደ ደረሰው ነገረኝ። ውጤቱ በዚህ ከቀጠለ መባረር ነው። ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ። የእናታችንን ድካም አነሣሁ፣ የእኔን ብድር አነሣሁ፣ ስለ ዘመኑ ትውልድም አንድ ሰፊ ሐተታ አቀረብኩ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ቀና አለና በለሆሳስ፦

"ጋሼ፣ ከተቀመጥን ጀምሮ ስልክህን ስንት ጊዜ እንዳየህ ታውቃለህ?"

"እኔ? አንድ ሁለቴ።"

"አሥራ አንድ ጊዜ። ቆጥሬያለሁ።"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይህ ነው። በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እሱን መስመር ላይ ያየሁት እኔም መስመር ላይ ስለነበርኩ አይደለምን? በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ምንም እንደማይመጣ እያወቅሁ እጄ በየደቂቃው ስልኬን ያነሣ ነበር። ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት።

ሐተታዬን ዋጥ አድርጌ እሱን መስማት ጀመርኩ።

"አንደኛ ዓመት ስገባ የከተማውን ቋንቋ አላውቅም፤ ጓደኛም አልነበረኝም" አለኝ። "ግቢው ውስጥ ረብሻ ተነሥቶ ለቀናት ከዶርም ሳንወጣ ቀረን። የሰው ድምፅ የምሰማው በስልኩ ብቻ ነበር። በኋላ ሁሉም ሰላም ሲሆን እኔ ስልኩን ልተወው አልቻልኩም። የሌሊት ፓኬጅ ደግሞ ርካሽ ነው። ሌሊቱን እያየሁ አድራለሁ፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል።"

"የእማዬንስ ስልክ ለምን አታነሣም?"

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። "ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አያውቀኝም፤ እሷ ግን ታውቀኛለች። 'ትምህርት እንዴት ነው?' ስትለኝ ምን ልበላት?"

ስንፍና ነው ብዬ የመጣሁት ነገር ብቸኝነትና እፍረት ሆኖ አገኘሁት። ብቸኛ ሰው ደግሞ ለዚህ ዕቃ የተመቸ ሲሳይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ርግቦችን ሣጥን ውስጥ እያስገባ ሲያጠና ያገኘው ነገር አለ። ቁልፉን በመንቁሯ በመታች ቁጥር እህል የምታገኝ ርግብ በዝግታ ትሠራለች፤ እህሉ መቼ እንደሚወርድ የማታውቀው ግን ሳትታክት ትቀጠቅጣለች። የቁማርም ጉልበቱ ይኸው ነው። ጣታችን ስክሪኑን ሲገፋ አንዱ ቪዲዮ ያሰለቻል፣ አንዱ ያስቃል፤ የሚቀጥለውን አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ደግሞ ገጹ ሲያልቅ ሌላው ራሱ የሚመጣበትን ዘዴ ፈጠረ፤ ኋላ ግን መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፣ ጋዜጣም የመጨረሻ ገጽ አለው። ይህኛው ግን ማቆሚያ የለውም።

ሱስ ነው ወይስ ልማድ? የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ የቪዲዮ ጨዋታ ሱስ ሰፍሯል፤ "የስልክ ሱስ" የሚል በሽታ ግን አልተመዘገበም። ስሙን ለሊቃውንቱ እንተውላቸውና፣ እንቅልፍና ትምህርት ወስዶ፣ እናት ስትደውል የሚያስደብቅ ነገር ስሙ ምንም ይሁን ምን መልካም አይደለም።

ታዲያ ስልኩን ልቀማው? ሃንድአውቱ የሚመጣው በቴሌግራም፣ የፈተና ማስታወቂያው የሚለጠፈው በቴሌግራም፣ የወር ወጪውም የሚደርሰው በስልክ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ውስጤን ቆረቆረኝ። በየወሩ ገንዘብ በስልክ እልክለታለሁ፤ "ደረሰህ?" እለዋለሁ፤ "ደርሷል" ይለኛል። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሌላ ምን ተባብለናል? ወንድምነቴን በሁለት ቃል ጨርሼ፣ ልጁ ለምን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እንደሚያድር ልጠይቀው ነበር የሄድኩት።

በነጋታው ስንለያይ የተስማማነው ጥቂት ነገር ነው። እሱ ላይብረሪ ሲሄድ ስልኩን ለአንድ የዶርሙ ልጅ ትቶ ይሄዳል። ማስጠንቀቂያውን ለእናታችን ራሱ ይነግራታል። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ እደውላለሁ፤ መልእክት መላክ የለም፣ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ረቡዕ የምንነጋገረው ጠፍቶን ስለ ዶርሙ ትኋን አወራን። እሱም ወሬ ነው።

የመንፈቁ ውጤት ገና አልወጣም። ስለዚህ "ዳነልኝ" ብዬ አልዋሽም።

ትናንት ማታ ግን እናቴ ደወለች። "ወንድምህ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው፤ ሁሉንም ነገረኝ" አለችኝ። ድምፅዋ አልቅሳ እንደነበር ያስታውቃል። "አሁን የቸገርከኝ አንተ ነህ" ስትል ቀጠለች። "ከቀትር ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሣህም። አሞህ ነው?"

አላመመኝም። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ይህን እየጻፍኩ ነበር።